ምዕራፍ 7፦ ክሩ ሲያጥር

አክስቴ የፀጉሯን ብዛት የምታውቀው በክር ነው። ታጥባ ሲደርቅላት ፀጉሯን ሁሉ ወደ ኋላ ሰብስባ በላስቲክ ታስረዋለች። ከዚያ ነጭ የስፌት ክር በእስሩ ዙሪያ አንዴ ታዞርና ጫፉ በተገናኘበት ቦታ ላይ ትቋጥራለች። ክሮቹን የምታስቀምጠው በድሮ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ከሠርጓ ሰሞን የተቋጠረው ክር እስከ ዛሬ እዚያው አለ። አንድ ቀን የድሮውንና የአሁኑን ጎን ለጎን ዘርግታ አሳየችኝ። የድሮው 10 ሴንቲ ሜትር፣ የአሁኑ 7 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። “የጎደለው ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም” አለችኝ፣ ራሷን ልታጽናና።

እኔ በልቤ አሰላሁት። ክሩ የሚለካው የእስሩን ዙሪያ ነው፤ ፀጉሩ ያለው ግን በመሃሉ ነው። ዙሪያው ከ10 ወደ 7 ሲወርድ በመሃሉ ያለው ስፋት በ0.7 አንዴ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ይባዛል፤ ውጤቱ 0.49 ነው። ክሩ ላይ የጎደለው ከአሥር ሦስት እጅ ሲሆን ከራሷ ላይ የሄደው ግማሹ ነው። ብዙ ሴቶች “በድንገት ሳሳብኝ” የሚሉት ለዚህ ነው። ፀጉሩ ቀስ እያለ ለዓመታት ሲሄድ ኖሮ፣ መስተዋቱ የሚናገረው ብዙው ካለቀ በኋላ ነው።

ቁም ሣጥኗ ላይ ግን ጠርሙስ ሞልቷል። ከዱባይ የመጣ ሻምፑ፣ ልጇ ከዋሽንግተን የላከችው ኮንዲሽነር፣ መርካቶ የተገዛ ዘይት፣ ጎረቤት ያዘዘላት ቅባት። ሁሉም ላይ ፀጉር እንደሚያበዛ ተጽፏል። ጠርሙሱ በየዓመቱ ሲጨምር ክሩ በየዓመቱ ሲያጥር እንዴት ይታረቃል? ይህን ምዕራፍ ያስጻፈኝ ይህ ጥያቄ ነው። መልሱን ከወዲሁ ልናገር፦ ፀጉርን ሞላ አድርጎ የሚያሳይ ነገርና ፀጉርን የሚያበቅል ነገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱን ከሌላው ስንጠብቅ ገንዘባችንም ጊዜያችንም ይባክናል፤ ከሁለቱ የሚብሰው ደግሞ የጊዜው ነው።

ቀጠነ፣ ረገፈ ወይስ ተበጠሰ?

“ፀጉሬ ሳሳ” የሚለው አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ችግሮችን ይሸፍናል። ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት አለብን።

አንደኛው መርገፍ ነው። በሰው ራስ ላይ በአማካይ 100,000 ገደማ የፀጉር ዘለላ አለ። እያንዳንዱ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ ከዚያ ሦስት ወር ያህል ያርፋል፣ በመጨረሻም ወድቆ ለአዲሱ ቦታ ይለቃል። ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ መውደቁ የጤና ነው። ሹሩባ የሚሠሩ ሴቶች ይህን ቁጥር ቢይዙት ከብዙ ድንጋጤ ይድናሉ። ለሦስት ሳምንት የቆየ ሹሩባ ሲፈታ የሚወጣው ጭብጥ ሙሉ ፀጉር የ21 ቀን ድምር ነው፤ በየቀኑ መውደቅ የነበረበት ጉንጉኑ ውስጥ ታስሮ ቆይቷል። ከ1,000 እስከ 2,000 ዘለላ ባንዴ በእጅ ሲታይ ያስፈራል፤ ነገር ግን ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም።

ከዚህ በላይ ሲረግፍ ወደ ኋላ ሦስት ወር መቁጠር ይጠቅማል። ወሊድ፣ ብርቱ ትኩሳት፣ ቀዶ ሕክምና፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስ፣ ከባድ ሐዘን፦ እነዚህ ብዙ ዘለላ በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ያስገባሉ፤ የሚረግፈው ግን ዕረፍቱ ሲያበቃ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ነው። አራስ ሴት ልጇ ክርስትና ከተነሣ በኋላ ፀጉሯ በማበጠሪያ ሲመጣ “ጡት ማጥባቱ ነው” ትላለች፤ ምክንያቱ ወሊዱ ራሱ ነው። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሄዱ እህቶቻችንም “ውሃው ጨረሰው” ይላሉ። ውሃው ላይ ከመፍረዳችን በፊት ከጉዞው በፊትና በኋላ የነበረውን እንቅልፍ ማጣት፣ የምግቡን መለወጥና ጭንቀቱን እንቁጠር። እንዲህ ያለው መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ ፀጉሩም ይመለሳል።

ሁለተኛው መቅጠን ነው። የዘለላዎቹ ቁጥር ብዙም ሳይቀንስ እያንዳንዱ ዘለላ ረግፎ በበቀለ ቁጥር እየሰለለ ይሄዳል። መሃል ላይ የሚወጣው መስመር እየሰፋ፣ የራስ ቆዳ በብርሃን ላይ እየታየ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። በዘር ይወረሳል፤ ከማረጥ በኋላ ይበረታል። ጠርሙስ ውስጥ ያለ ዘይት አይመልሰውም፤ ወደ መድኃኒቱ በኋላ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው መበጠስ ነው። ሥሩ ደህና ነው፣ ዘለላውም ያድጋል፣ ነገር ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ማበጠሪያው ላይ ከቀረው ፀጉር ጥቂት ዘለላ አንስታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ጫፉ ላይ እንደ ሰሊጥ ግማሽ የምታህል ነጭ ነጥብ ካለች ከሥሩ የረገፈ ነው። ነጥብ ከሌለውና ቁመቱ ከሌላው ፀጉራችሁ ካጠረ የተበጠሰ ነው። ሪላክሰር፣ የፔስትራ ሙቀት፣ ቀለምና ደረቅ ማበጠር የሚያደርሱት ጉዳት አብዛኛው ይኸው ነው። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ሻምፑና ኮንዲሽነር እውነተኛ ሥራ የሚሠሩት እዚህ ላይ መሆኑ ነው።

ፀጉር የሚሞላው በምንድን ነው?

ሙላት ማለት በዘለላና በዘለላ መካከል ያለ አየር ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ፀጉር ኖሯቸው የአንዷ ጎፈሬ፣ የሌላዋ ደግሞ ለጥ ያለ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው። ጥቅልል ያለ ፀጉር አንዱ በሌላው ላይ አይተኛም፤ እያንዳንዱ ጥቅልል ጎረቤቱን ይገፋዋል። ይህን ጥቅልል በካውያና በሪላክሰር አስተኝቶ ሲያበቃ መልሶ ሙላት የሚሰጥ ምርት መግዛት “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” የሚባለው ነው። ለሳሳ ጥቅልል ፀጉር ከሁሉ የሚረክሰው መሙያ ጥቅልሉ ራሱ ነው።

ዘይትና ቅባት የሚሠሩት ተቃራኒውን ነው። ቅባት የነካቸው ቀጫጭን ዘለላዎች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ አሥሩ አንድ ይሆንና በመካከላቸው የራስ ቆዳ ይታያል። ይህን ስል ለጋ ቅቤን ከእናቶቻችን እጅ ልነጥቅ አይደለም። ቅቤ ደረቅና ጥቅልል ፀጉርን ያለሰልሳል፤ ዘለላዎች ሲፋተጉ እንዳይበጣጠሱ ይረዳል። ነገሩ ጊዜው ላይ ነው። ፀጉሯ ለሳሳባት ሴት ቅቤ የሚጠቅማት ከመታጠቧ በፊት ባለው ምሽት ነው፤ ታጥባ ከወጣች በኋላ የምትቀባው ግን ሙላቱን ይወስድባታል። የኮኮናት ዘይትም ከመታጠብ በፊት ሲቀባ ፀጉር በውሃና በሳሙና የሚያጣውን ፕሮቲን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል።

ታዲያ “ቮሊዩም” ተብሎ የተጻፈባቸው ምርቶች ምን ይሠራሉ? አብዛኞቹ ውስጥ ያለው ፖሊመር የሚባል ነገር ነው፤ ሲደርቅ ዘለላውን እንደ ስስ ልባስ ያለብሰዋል፣ ሁለት ዘለላ በተነካካበት ነጥብ ላይም ያያይዛቸዋል። ፀጉሩ በትንሹ ይጠነክራል፣ ቀና ብሎ ይቆማል። ከእነዚህ የታወቀው ፒቪፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ዋልተር ረፔ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት የሠራው ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደም ለፈሰሳቸው ወታደሮች በፕላዝማ ምትክ ይሰጥ ነበር። የፀጉር ስፕሬይ ውስጥ የገባው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ከስንዴ ወይም ከኬራቲን የተወሰደ ፕሮቲንም፣ ፓንተኖልም በየራሳቸው መንገድ ዘለላውን ያለብሱታል። ሁሉም የሚቆዩት እስከሚቀጥለው መታጠብ ድረስ ነው። ሥሩ የት እንዳለ እንኳ አያውቁም።

ሌላው ሙላት የሚመጣው ከውሃና ከአደራረቅ ነው። ፀጉር ሲረጥብ በውስጡ ያሉት ቀላል ማያያዣዎች ይላላሉ፤ ሲደርቅ ባገኛቸው ቅርጽ ተመልሰው ይያያዛሉ። ቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሐምሌ ላይ ከሳሎን ወጥቶ ታክሲ እስኪጠበቅ የሚተኛበትም ምክንያት ይኸው ነው፣ እርጥበት ያላላዋልና። ስለዚህ ፀጉራችሁ ከሥሩ እንዲነሣ ከፈለጋችሁ ሥሩ በተነሣበት አኳኋን ይድረቅ። አንገት ደፍቶ፣ ፎኑን ለብ ባለ ሙቀት አድርጎ፣ ከግማሽ በላይ ከደረቀ በኋላ መጀመር ይበቃል።

ከመደርደሪያው ፊት ስንቆም

በመጀመሪያ የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ። በአውሮፓና በአሜሪካ ደንብ መሠረት የምርቱ ይዘት ከብዙው ወደ ጥቂቱ በቅደም ተከተል ይጻፋል፤ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ብቻ እንደተፈለገ ይደረደራሉ። ስለዚህ ከውሃ ቀጥሎ በመጀመሪያዎቹ አምስት ስሞች ውስጥ ዘይት፣ የሺአ ቅቤ ወይም መጨረሻው “ኮን” የሚል ስም፣ ለምሳሌ ዳይመቲኮን፣ ካገኛችሁ ምርቱ ከባድ ነው። እነዚህ “ኮን” የሚሉት፣ ማለትም ሲሊኮን፣ ፀጉርን አይመርዙም፤ ለተበጠሰ ፀጉር እንዲያውም ጥሩ መከላከያ ነው። ለቀጭን ፀጉር ግን ክብደቱ ሙላቱን ያስተኛዋል። ከፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው ማርና አቮካዶ ደግሞ ከዝርዝሩ መጨረሻ፣ ከሽቶው በታች ከተገኘ፣ ለስሙ ያህል ጠብ ብሎበታል ማለት ነው።

ሻምፑ ሲመረጥ የሚታየው የራስ ቆዳው ነው። ቶሎ የሚወዛ ከሆነ በደንብ የሚያጸዳ፣ ደረቅ ከሆነ ለስለስ ያለ። “ስታጠበው ይረግፋል” ብለው መታጠብ የሚፈሩ ብዙ ናቸው፤ በውሃ የሚወርደው ቀድሞ የለቀቀው ነው። ጥቅልል ፀጉር በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል፤ ለስላሳና ቀጭን ፀጉር ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ሞላ ይላል። ፎረፎር ካለ መጀመሪያ እሱ ይታከም፤ ለዚያ ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፑ አለ፣ አረፋው ራስ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል።

ኮንዲሽነር ከጆሮ ወደ ታች ነው። ሥር ላይ የተቀባ ኮንዲሽነር ጥሩውን ሻምፑ ከንቱ ያደርገዋል። ጫፉን ግን አትከልክሉት፤ ፀጉሩ ጥቂት ለሆነ ሰው እያንዳንዱ ሳይበጠስ የቀረ ዘለላ ትርፍ ነው።

ሙስ ለሳሳ ፀጉር ከጄልና ከቅባት ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ ፖሊመሩም ከሥሩ ጀምሮ ይዳረሳል። የእንቁላል ያህል ብቻ እርጥብ ፀጉር ሥር ላይ አድርጎ ማድረቅ ነው። ቤት ውስጥ የሚፈላ የተልባ ውሃም ሲደርቅ ስስ ልባስ የሚያለብስ የእኛው ሙስ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ቶሎ ስለሚበላሽ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከሳምንት በላይም አይቆይ። ደረቅ ሻምፑ የሚባለው ዱቄት ደግሞ ወዙን መጥጦ ለአንድ ቀን ያነሣል፤ የመታጠብ ምትክ አይሆንም።

ሠርግ ወይም ፎቶ ላለበት ቀን የኬራቲን ብናኝ አለ። ከፀጉር ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ደቃቅ ክር ሲሆን ፀጉሩ ላይ የሚይዘው በኤሌክትሪክ ስበት፣ ፊኛ በሹራብ ሲታሽ እንደሚለጠፈው ነው። የሰፋውን መስመር ይሸፍናል፣ በሻምፑ ይወጣል። የሚይዝበት ፀጉር ስለሚፈልግ ጨርሶ በተራቆተ ቆዳ ላይ አይሆንም።

አንድ ምክር ልጨምር። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ አንድ ወርም ታገሡ። ሦስት አዲስ ጠርሙስ በአንድ ቅዳሜ የጀመረች ሴት ቢሻላትም የጠቀማትን፣ ቢያሳክካትም የጎዳትን አታውቀውም።

ጠርሙስ የማይደርስበት

ለመቅጠን በጥናት ጸንቶ የቆመ የሚቀባ መድኃኒት ሚኖክሲዲል ነው። አመጣጡ ከፀጉር ጋር አይገናኝም፤ እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለደም ግፊት የሚዋጥ ኪኒን ሆኖ ነው። የወሰዱት ሕሙማን ገላቸው ላይ ፀጉር ሲበዛባቸው ሐኪሞች ነገሩን መረመሩና በ1988 ለወንዶች የሚቀባው ፈሳሽ ተፈቀደ፣ ጥቂት ቆይቶም ለሴቶች። ሦስት ነገር ሳያውቁ አይጀመርም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ ሊብስ ይችላል፤ ያረጀው ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ ነው። ውጤቱ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። ሲያቆሙት ደግሞ የተገኘው በወራት ውስጥ ይሄዳል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አይጠቀሙበትም።

ባዮቲን ያለበት ኪኒን በየፋርማሲው አለ። የባዮቲን እጥረት በእውነት ያለበት ሰው ግን ጥቂት ነው፤ እጥረት ለሌለበት ሰው ፀጉር ማብዛቱ አልተረጋገጠም። በብዛት ሲወሰድ የታይሮይድንና የልብን የደም ምርመራ ውጤት ሊያዛባ እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 አስጠንቅቋል። የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ለኪኒኑ ከምታወጡት ገንዘብ የብረት ክምችትንና ታይሮይድን የሚያሳይ የደም ምርመራ ይቀድማል፤ ወር አበባዋ የሚበዛባት ሴት በተለይ።

የራስ ቆዳው የሚያቃጥል፣ የሚያም፣ ቅርፊት ወይም መግል ያለው ከሆነ፣ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ከተራቆተ፣ ወይም ፀጉሩ በሄደበት ቦታ ቆዳው የቀዳዳ ምልክት እንኳ ሳይኖረው ካንጸባረቀ፣ ሳሎን ሳይሆን የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አናት ላይ ጀምሮ ክብ እየሠራ የሚሰፋ፣ ሥሩን በጠባሳ የሚዘጋ መርገፍ አለ፤ ጠባሳ ከሆነ በኋላ የሚመልሰው የለም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ።

በርጩማው ላይ

የአክስቴ ችግር የት እንደነበር ያየሁት ሹሩባ ስትሠራ አብሬያት በተቀመጥኩ ቀን ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ሹሩባ የምትሠራላት ልጅ ከኋላዋ ሆና በሚዶ ጫፍ መስመር እያወጣች ከግንባሯ ጀምራ ትጎነጉናለች። ጎንበስ ብዬ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ቦታ አየሁት። እያንዳንዱ ጉንጉን ሲጀምር ቆዳው እንደ ድንኳን ሾጠጥ ብሎ ይነሣል፤ በሥሩ ዙሪያ የተልባ ፍሬ የሚያካክሉ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉ። ፀጉሯ ከመስመሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ከፊት ለፊቱ ጥቂት አጫጭር ለስላሳ ፀጉሮች ብቻ እንደ ጠርዝ ቀርተዋል። ለማሰር ስለሚያጥሩ ጉንጉኑ ሳይጎትታቸው የተረፉ ናቸው። ሐኪሞች በመጎተት የመጣን መሳሳት ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ የቀረ ጠርዝ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1907 በሕክምና ጽሑፍ ላይ ሲሰፍር የታየው ግሪንላንድ ውስጥ፣ ፀጉራቸውን አጥብቀው ወደ ላይ በሚያስሩ ሴቶች ላይ ነበር። ጥፋቱ የሹሩባም አይደለም፤ የመወጠሩ ነው። በሪላክሰር በደከመ ፀጉር ላይ፣ ወይም የሂውማን ሄር ክብደት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ቶሎ ከተደረሰበት ይመለሳል፤ ዓመታት ካለፉት ግን ሥሩ ይሞታል።

“የኔ ልጅ፣ ላላ አድርጊልኝ” አለቻት አክስቴ፣ እኔ ከነገርኳት በኋላ።

“እትዬ፣ ጠበቅ ካላደረግኩት እኮ አይቆይልዎትም።”

“አይቆይ። ሳምንት ይብቃኝ።”

ልጅቷ ፈታ አድርጋ ጀመረችው። የፊቱን መስመር ዘለለችው፣ ጉንጉኑን ወፈር አደረገችው። ማታ አክስቴ ራስ ምታት አልያዛትም፤ ሹሩባ በተሠራች ቁጥር የሚይዛት የደንብ ነገር ይመስላት ነበር።

በስድስተኛው ወር ክሩን አውጥታ ለካች። 7 ሴንቲ ሜትር፣ እንደነበረ። ፊቷ ሲከፋ አየሁና በጣቴ ቆጠርኩላት፦ ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ከጆሮዋ በላይ የበቀለው ገና 6 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ኋላ ያለው ላስቲክ ጋ አይደርስም። ክሩ ሊያውቀው ዓመት ይፈልጋል። መስኮቱ አጠገብ ወስጄ መስተዋት ሰጠኋት። በግንባሯ ጠርዝና በጆሮዋ መካከል ባዶ በነበረው ቦታ ላይ አጫጭር ፀጉሮች ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ብርሃኑ ያበራባቸዋል። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ከጆሮዋ ጥግ ያለው ቦታ አንጸባርቆ ቀርቷል፣ እዚያ የሚመለስ አይመስለኝም። አክስቴ ግን የቆሙትን በመዳፏ ቀስ አድርጋ ዳሰሰቻቸው። ጄሉን አንሥታ ልታስተኛቸው ስትል “ተያቸው፣ ይቁሙ” አልኳት፤ ጄሉን ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰችው።